ከየትም ያልመጡት ፒክቶች

በምሥራቅ ስኮትላንድ፣ በአበርሌምኖ መንደር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ ቆሟል። በአንድ ፊቱ መስቀል፣ በሌላው ፊቱ ጦርነት ተቀርጾበታል። ፈረሰኛ ፈረሰኛን ያሳድዳል፤ እግረኞች ጋሻና ጦር ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከታች ጥግ ላይ የወደቀውን ሰው ፊት ወፍ በመንቆሯ ትወጋዋለች። ቀራጩ እጁ የሠለጠነ፣ የሚቀርጸውንም ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደነበር ድንጋዩን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ከሥዕሉ በላይ ግን የጦርነቱን ታሪክ የሚናገር አንድ ቃል እንኳ የለም።

ይህን ድንጋይ ያቆሙት ሰዎች ፒክቶች ይባላሉ። ከ300 እስከ 900 ገደማ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዛሬዋን ስኮትላንድ ሰሜንና ምሥራቅ ይዘው ኖረዋል። ስማቸው መጀመሪያ የሚገኘው በ297 ለሮማዊው ገዢ ለኮንስታንቲዩስ በቀረበ የላቲን ውዳሴ ውስጥ ነው። በላቲን ቃሉ «የተቀቡ» ማለት ስለሆነ፣ ሰውነታቸውን በቀለም ወይም በንቅሳት ስለሚያስጌጡ ሮማውያን ያወጡላቸው ስም ነው የሚለው አስተያየት ብዙ ተቀባይነት አለው። ሮም ብሪታንያን ከያዘች በኋላ እነሱን ሙሉ በሙሉ መግዛት አልቻለችም። ሮማውያን ከሄዱም በኋላ መንግሥታቸው ጠንክሮ፣ በ685 ንጉሣቸው ብሪዴ የጎረቤታቸውን የእንግሊዞች መንግሥት የኖርዘምብሪያን ንጉሥ ኤክፍሪዝን ከነሠራዊቱ ደመሰሰው። ከዚያ በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዘመን የጌሊክ ቋንቋና ባህል እየገነነ ሄደ፤ ግዛቱ «አልባ» ተባለ፤ የፒክቶችም ስም ከታሪክ ገጽ ጠፋ።

የተረፈው ድንጋዩ ነው። ጨረቃና የተሰበረ ቀስት፣ በዘንግ የተያያዙ ሁለት ክቦች፣ መስታወትና ማበጠሪያ፣ ምን እንደሆነ ያልታወቀ የሚዋኝ የሚመስል እንስሳ፤ እነዚህ ምልክቶች በብዙ ድንጋዮች ላይ ተደጋግመው ይታያሉ፤ ትርጉማቸውን ግን እስካሁን በእርግጠኝነት የፈታ የለም። ከነገሥታት ስም ዝርዝርና ከጥቂት አጫጭር የድንጋይ ጽሑፎች በቀር፣ ፒክቶች ስለ ራሳቸው የተረኩት ታሪክ አልደረሰንም። ራሳቸው ዝም ስላሉ፣ ሌላው ስለ እነሱ ተናገረ።

ከተናገሩት ሁሉ ዝነኛው መነኩሴው ቤዳ ነው። በ731 ባጠናቀቀው የእንግሊዞች የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ እንዲህ ይተርካል፦ ፒክቶች እስኩቴስ ከተባለ ሩቅ ምድር ተነሥተው፣ በጥቂት መርከቦች ውቅያኖስ ላይ ሲንገላቱ ሰሜን አየርላንድ ደረሱ። የአገሩ ሰዎች «ለእናንተ የሚበቃ መሬት የለንም» ብለው ወደ ብሪታንያ አመለከቷቸው። ሴቶች ስላልነበሯቸው ሚስት ለመኑ። የአየርላንድ ሰዎችም በአንድ ቃል ኪዳን ሰጧቸው፤ በዙፋኑ ውርስ ላይ ጥርጣሬ ሲነሣ፣ ንጉሣቸውን ከወንድ ሐረግ ይልቅ ከሴት ሐረግ እንዲመርጡ። በ9ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ መጀመሪያ የሠፈሩት በኦርክኒ ደሴቶች ነው ይላል።

የዘመናችን ሊቃውንትም ቢሆኑ ፒክቶች እንግዳ ሕዝብ ናቸው ከሚለው ስሜት ፈጽሞ አልወጡም ነበር። በ1955 ስለ እነሱ የታተመው ታዋቂ የጥናት መድበል ርእሱ ራሱ «የፒክቶች ችግር» ነበር። በውስጡ የቋንቋ ሊቁ ኬኔት ጃክሰን፣ ፒክቶች ሁለት ቋንቋ እንደነበራቸውና አንደኛው ከኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋዎች ቤተሰብ ውጭ እንደሆነ ተከራከረ። ይህን የሚያፈርስ ሰፊ ክርክር ያቀረበችው በ1997 ካትሪን ፎርሳይዝ ናት፤ ቋንቋቸው የኬልት ዘር እንደሆነና ከዌልስ ቋንቋ ጋር እንደሚዛመድ አሳየች። የቦታ ስሞችም ይህን ይደግፋሉ። በአበርዲን ስም መነሻ ላይ ያለው «አበር» በዌልስም «የወንዝ አፍ» ማለት ነው። ሆኖም ቋንቋ ከጎረቤት ሊወረስ ይችላል። ሰዎቹ ራሳቸው ከሩቅ መጥተው የአገሩን ቋንቋ ለምደው ቢሆንስ? ይህን የሚመልስ አጥንት ብቻ ነበር።

አጥንቱ ግን እንደልብ አይገኝም። የስኮትላንድ አፈር በአብዛኛው አሲድ የበዛበት ስለሆነ አጥንትን ይበላል፤ ብዙ መቃብር ሲከፈት ባዶውን ይገኛል። ከተረፉት ጥቂቶች መካከል በፋይፍ ባሕር ዳርቻ ያለው የሉንዲን ሊንክስ መቃብር ይገኝበታል። እዚያ ሙታኑ በጠፍጣፋ ድንጋይ በተገነቡ ረጃጅም ሣጥኖችና በድንጋይ ክምሮች ሥር አርፈዋል። በ1960ዎቹ ተቆፍሮ የወጣው አጥንት ለዓመታት ተቀምጦ የዘመኑን መሣሪያ ጠበቀ። ከዚያ በስተሰሜን፣ በባሊንቶር ዳርቻ የተገኘ ሌላ ሰውም አለ።

መሣሪያው ጥንታዊ ዲኤንኤን የማንበብ ጥበብ ነው። በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ይህ የውርስ ጽሑፍ ሰው ሲሞት ይቆራረጣል፤ ፊደሎቹም ይበላሻሉ፤ በባክቴሪያ ዲኤንኤም ይዋጣል። ቢሆንም እንደ ጥርስና የውስጥ ጆሮን እንደከበበው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት ባሉ ቦታዎች ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የእኛም አገር በዚህ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። በጋሞ ደጋማ ምድር በሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰው ዲኤንኤ የተነበበው ከዚሁ የራስ ቅል አጥንት ነው፤ በ2015 ሲታተምም ሙሉ የዘር ጽሑፉ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ አፍሪካዊ ሆነ።

የፒክቶቹን ንባብ ለመረዳት የብራና መጻሕፍትን ማሰብ ይጠቅማል። ምስጥ የበላው ዳዊት ያገኘ ሰው፣ ከመዝሙሩ ግማሹ ቢጠፋ እንኳ ሌሎች ቅጂዎችን ዘርግቶ የጎደለውን ቃል ይሞላል። ተመራማሪዎቹም ያደረጉት ይህንን ነው። የተቆራረጠውን የፒክት ዲኤንኤ በደንብ ከተነበቡ ብዙ ሰዎች ዲኤንኤ ጋር አስተያይተው የጎደሉትን ፊደሎች በስሌት ሞሉ። ቀጥሎ ዝምድና ፈለጉ። ሁለት ብራናዎች አንድ ዓይነት ያልተለመደ ስሕተት በአንድ ቦታ ላይ ካላቸው ከአንድ ምንጭ እንደተገለበጡ እናውቃለን። ሁለት ሰዎችም ረጅምና ያልተቋረጠ ተመሳሳይ የዲኤንኤ ቁራጭ ከተጋሩ፣ ያንን ቁራጭ ከአንድ ቅድመ አያት ወርሰዋል። በየትውልዱ ቁራጩ እየተቆረጠ ስለሚያጥር፣ ርዝመቱ የዝምድናውን ቅርበት ይናገራል።

ውጤቱ በ2023 ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ከሉንዲን ሊንክስና ከባሊንቶር ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን የኖሩ የሁለት ሰዎች ዲኤንኤ በጥሩ ጥራት ተነብቦ፣ ከ8,300 በላይ ከሆኑ የጥንትና የዛሬ ሰዎች ጋር ተነጻጸረ። መልሱ ግልጽ ነበር፦ ከእስኩቴስ የመጣ ሕዝብ ምልክት የለም። ሁለቱም ከብሪታንያ የብረት ዘመን ሰዎች ጋር ይመደባሉ፤ ሮማውያን ሳይመጡ እዚያው ምድር ላይ የኖሩት ሰዎች ዘር ናቸው።

ዝርዝሩ ደግሞ ከዋናው መልስ ያላነሰ ያስደንቃል። በኦርክኒ ደሴቶች የኖሩት የፒክት ዘመን ሰዎች በዘር ከዋናው ምድር ፒክቶች የተለዩ ሆነው ተገኙ፤ በአንድ ስም የሚጠሩት ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። የኦርክኒዎቹ ሰዎች፣ ቫይኪንጎች ከመጡም በኋላ እንኳ፣ ለ2,000 ዓመት ያህል በጉልህ የቀጠለ የዘር ሐረግ በደሴቶቹ ላይ ጥለዋል። የዋናው ምድር ፒክቶች ደግሞ ዛሬ የሚቀርቡት በምዕራብ ስኮትላንድ፣ በዌልስ፣ በሰሜን አየርላንድና በኖርዘምብሪያ ለሚኖሩት ነው። የመንግሥታቸው መቀመጫ በነበረው በምሥራቅ ስኮትላንድ ግን ዝምድናው ቀለል ያለ ነው። ከእነሱ በኋላ በነበሩት ዘመናት ሰው መጥቷል፣ ሄዷል፣ ተጋብቷል።

የቤዳ የሴት ሐረግ ወሬስ? እዚህ ላይ የሚረዳው ሚቶኮንድሪያ በተባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ነው፤ ይህ ከእናት ብቻ ይወረሳል። ሴቶች በተወለዱበት ቀርተው ባሎች ወደ ሚስቶቻቸው ዘመዶች የሚገቡበት ማኅበረሰብ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ መቃብር የተቀበሩ ሰዎች ተመሳሳይ የእናት ሐረግ ሊኖራቸው በተገባ ነበር። በሉንዲን ሊንክስ የተመረመሩት 7 ሰዎች ግን የቅርብ የእናት ሐረግ አይጋሩም። ሴቶች ከሌላ ቦታ እየተዳሩ ይመጡ ነበር የሚለው ንባብ ከዚህ ጋር ይስማማል። እርግጥ የነገሥታት ወራሽነትና የተራው ሰው ጋብቻ ሁለት ነገር ነው፤ በአንድ ባሕር ዳርቻ የተቀበሩ ሰባት ሰዎች ስለ ዙፋን ሊመሰክሩ አይችሉም። ሆኖም ፒክቶችን «የእናቶች ሕዝብ» ብሎ በጅምላ መሣል ከእንግዲህ ቀላል አይሆንም።

እንግዲህ ፒክቶች ከየት መጡ? ከየትም። እዚያው ነበሩ። ታዲያ በ297 የተጠራው ስም ምን አዲስ ነገር ይዞ መጣ? በ4ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ማርቼሊኑስ፣ ፒክቶች በሁለት እንደሚከፈሉ ሲናገር አንደኛውን «ቬርቱሪዮኔስ» ይለዋል። ከመቶ ዘመናት በኋላ የፒክቶች ዋነኛ መንግሥት «ፎርትሪው» ተባለ፤ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ሁለቱ አንድ ስም ናቸው። ስሙ በቦታው ቆይቷል፤ አጥንቱም በቦታው ቆይቷል። የተለወጠው ሌላ ነው፦ ሮም ደጃቸው ላይ ቅጥር ስታቆምና ጦር ስትልክ፣ ቀድሞ ለየራሳቸው ይኖሩ የነበሩ ጎረቤታሞች በአንድ ስም ተጠሩ፣ በአንድ ላይ ተዋጉ፣ ቀስ በቀስም አንድ ዓይነት ምልክት በድንጋይ ላይ መቅረጽ ጀመሩ።

ይህ ለእኔ ከእስኩቴስ መርከብ የበለጠ የሚደንቅ ታሪክ ነው። ሕዝብን ከሩቅ አምጥቶ ባሕር ዳርቻ ላይ ማውረድ ለተራኪ ቀላል ነው። ከባዱ፣ ከልዩ ልዩ እናቶች የተወለዱ፣ የዘር ሐረጋቸው ከደሴት ደሴት የሚለያይ ሰዎች «እኛ» ማለትን እንዴት እንደተማሩ ማየት ነው። በሉንዲን ሊንክስ አሸዋ ውስጥ ሰባቱ ሰዎች በአንድ መቃብር ስፍራ ተኝተዋል። ደማቸው የአንዲት እናት ልጆች አያደርጋቸውም፤ የቀበሯቸው ሰዎች ግን አንድ ቦታ ሊያሳርፏቸው ፈለጉ። ስለ ፒክቶች ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ራሳቸው ፒክቶች ስለ ማንነታቸው የሰጡን መልስ ይህ ነው።