ከቃላት ዝርዝር በፊት፦ ጋፋትኛና የኦንጎታ ቋንቋ ስነዳ

በመጥፋት ላይ ባሉ ቋንቋዎች ዙሪያ በሚካሄዱ የተማሪዎች ጉባኤያት የሚቀርቡ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የተናጋሪ ቁጥር ጠቅሰው ወደ ቃላት ዝርዝር ያልፋሉ። ይህ ልማድ ምን እንደሚያስቀር ጋፋትኛ በሚገባ ያሳያል።

በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረው ይህ ሴማዊ ቋንቋ ቀደምት ሰነዱ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተረጎመው መኃልየ መኃልይ ነው። ጽሑፉ ትርጉም በመሆኑ የቃላቱ ቅደም ተከተል የራሱ የጋፋትኛ ይሁን ከምንጩ የተወረሰ መለየት ያዳግታል። ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያገኟቸው ተናጋሪዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ ሰዋስው ለመጻፍ በቅቷል፤ ጎረቤታሞች እንዴት ይከራከሩ እንደነበር ለማወቅ ግን አይበቃም።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በወይጦ ወንዝ ዳር፣ የኦንጎታ ልጆች ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በፀማይኛ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ካወጣቸው ዘጠኝ መመዘኛዎች የመጀመሪያው፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ መተላለፍ፣ እዚህ ተቋርጧል። የቀሩት ጥቂት አዛውንት ናቸው፤ የቋንቋው ቤተሰብም ገና አከራካሪ ነው። ቃላትን ከአንድ ሰውም መልቀም ይቻላል፤ ምልልስን ለመቅዳት ግን ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ተመራማሪው መጠይቁን ከመዘርጋቱ በፊት ሁለት አዛውንት ሲጨዋወቱ ይቅዳ፤ ቅጂውን ከእነርሱው ጋር ሲጽፍና ሲተረጉም የቃላት ዝርዝሩ ከዚያው ይወጣለታል።