ልጆቻችን አብረው የሚተነፍሱት አየር

እ.ኤ.አ. በ1974 የጸደይ ወራት፣ በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ አቅራቢያ ወደሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኩፍኝ ገባ። የመጀመሪያዋ ታማሚ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በሽታው ከእሷ ወደ 28 ልጆች ተላለፈ። እነዚህ 28 ልጆች የሚማሩት በ14 የተለያዩ ክፍሎች ነበር፤ ብዙዎቹ ከልጅቱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም። ይባስ ብሎ፣ ከትምህርት ቤቱ ልጆች 97 በመቶው የኩፍኝ ክትባት እንደወሰዱ መዝገቡ ያሳይ ነበር። መርማሪዎቹ መልሱን ያገኙት በሕንፃው የአየር ቧንቧ ውስጥ ነው። የማሞቂያውና የአየር ማዘዋወሪያው መሣሪያ ከየክፍሉ የወጣውን አየር ይሰበስብና ጥቂት ንጹሕ አየር ቀላቅሎ አብዛኛውን መልሶ ለሁሉም ክፍሎች ያከፋፍል ነበር። የልጅቱ ትንፋሽ እሷ ያልደረሰችበት ክፍል ሁሉ ደርሷል።

ሐኪሙ ሪቻርድ ራይሊ ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ወረርሽኝ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የሒሳብ ቀመር አሳተመ። የመምህሩን የዊልያም ዌልስን ሐሳብ መሠረት ስላደረገ ቀመሩ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። የሚለው ነገር ቀላል ነው። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ በአየር ወለድ በሽታ የመያዝ ዕድሉን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ በክፍሉ ያሉት ሕሙማን ብዛትና የሚያወጡት ተዋህሲ መጠን፣ ልጁ በሰዓት የሚተነፍሰው አየር፣ አብረው የሚቆዩበት ጊዜ፣ ወደ ክፍሉ የሚገባው ንጹሕ አየር። የመጨረሻው ሲጨምር አደጋው ይቀንሳል።

ይህ ዕውቀት ከታተመ ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ኮሮና መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ሲሆን ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችም ቤት ዋሉ። በሮቹ በየደረጃው መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ነበር። ያን ጊዜ ልጁን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወሰደ ወላጅ በር ላይ ያየውን አይረሳም። ጥበቃው የሙቀት መለኪያ ግንባር ላይ ይደግናል። በርሜል ላይ የተገጠመ ቧንቧና ሳሙና ተዘጋጅቷል። ጭምብል ይታደላል፣ ሳኒታይዘር ይረጫል። አንዱ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ልጆቹ በፈረቃ ወይም ቀን እየተለዋወጡ ይማራሉ፤ አንድ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ ይቀመጣል።

እነዚህ ጥንቃቄዎች ሁሉ በቅን ልቦና የተደረጉ ናቸው፤ ውሃ በሌለበት ትምህርት ቤት መምህራን በጀሪካን ውሃ እስከማስቀዳት ደርሰዋል። ጉልበትና ገንዘብ የበለጠ የፈሰሰው ግን በእጅና በዕቃ ላይ ነበር፤ ስለ መስኮት ብዙ አልተባለም። ጥፋቱ የትምህርት ቤቶቹ አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ መጋቢት 19 ቀን 2012 ኮሮና በአየር አይተላለፍም ብሎ በይፋ አስታውቆ ነበርና። እንደ ድርጅቱ አገላለጽ ቫይረሱ የሚተላለፈው ሲያስሉና ሲያስነጥሱ በሚፈናጠሩ፣ ከባድ ስለሆኑም ቶሎ ወደ መሬት በሚወድቁ ጠብታዎች ነው። ከዚህ ተነሥቶ ርቀትን መጠበቅና የወደቀውን ማጽዳት በቂ መሰለ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ሊዲያ ሞራውስካና ዶናልድ ሚልተን የመሩት የ239 ሳይንቲስቶች ግልጽ ደብዳቤ ይህን ተቃወመ። ስንተነፍስና ስንናገር ከአፍና ከአፍንጫችን የሚወጡት ቅንጣቶች አብዛኞቹ እጅግ ጥቃቅን ናቸው። ከፀጉር ውፍረት ብዙ ጊዜ ስለሚያንሱ አየር ላይ ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ቤት ውስጥ ዕጣን ሲጨስ ምን እንደሚሆን ማሰብ ይበቃል፤ ከማጨሻው አጠገብ ጭሱ ወፍራም ነው፣ ጥቂት ቆይቶ ግን ጥግ ላይ ያለውም ሰው ይሸተዋል፣ በርና መስኮት ከተከፈተ ደግሞ ይሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አቋሙን ቀስ በቀስ ሲያስተካክል፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ተዋህሲ ያለበትን ዕቃ አንድ ጊዜ በመንካት በኮሮና የመያዝ ዕድል በጥቅሉ ከ10 ሺህ አንድ እንኳ እንደማይሞላ ገለጸ።

ድምፅም ነገሩን ያባብሳል። ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር የሚያወጣው የቅንጣት ብዛት እንደሚጨምር ኮሮና ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት በካሊፎርኒያ የተሠራ ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2020 በዋሽንግተን ግዛት 61 ሰዎች ለመዝሙር ልምምድ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆዩ፤ 53ቱ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። ይህን ሳነብ በአእምሮዬ የመጣው የእኛ አንደኛ ክፍል ነው። ትንንሾቹ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት መምህራቸውን ተከትለው፣ በአንድነት፣ በሙሉ ድምፃቸው ነው፤ ማስተማሪያው ጥሩ ስለሆነ መቅረት የለበትም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ግን ይህንኑ ሲያደርጉ የኖሩት ብዙውን ጊዜ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ክፍት ዳስ ውስጥ ነው። ዝናብ ባልጣለበት ጠዋት የንባቡን ሰዓት ወደ ግቢው ማውጣት ምንም ወጪ የለውም።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥንቃቄ ላይ ከተመዘገቡት ታሪኮች ሁሉ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የሆነው ነው። ትምህርት ቤቱ ጥንቃቄ የጎደለው አልነበረም። ዴስኮቹ ሁለት ሜትር ገደማ ተራርቀዋል። በሩና መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። ክፍሉ ፊት ለፊት አየር ማጣሪያ ተቀምጧል። ጭምብል ግዴታ ነው። አንድ መምህር ግን ክትባት አልወሰዱም ነበር። አፍንጫቸው ሲታፈንና ሲደክማቸው አለርጂ ነው ብለው ሁለት ቀን ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ ለልጆቹ ጮክ ብለው ሲያነቡም አንዳንዴ ጭምብላቸውን አወለቁ። ሕመሙ ግን የኮሮና ዴልታ ዝርያ ነበር። ከ24ቱ ተማሪዎች 12ቱ ተያዙ፤ ሁሉም ዕድሜያቸው ለክትባት ገና ያልደረሰ ልጆች ነበሩ። ከክፍሉም ወደ ሌሎች ተማሪዎችና ቤተሰቦች አለፈ።

ከሁሉ የሚያስተምረው የመቀመጫው ካርታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ከተቀመጡት 10 ልጆች 8ቱ ታመዋል። ከኋላ ባሉት ሦስት ረድፎች ከነበሩት 14 ልጆች ግን የታመሙት 4 ብቻ ናቸው። ከምንጩ ፊት ለፊት የተቀመጠ ልጅ ትንፋሹን ሳይሳሳ ስለሚቀበለው፣ የተከፈተው መስኮት ለእሱ ብዙም አልደረሰለትም። ከኋላ ላሉት ግን ርቀቱም መስኮቱም ሳይጠቅማቸው አልቀረም። ይህን ታሪክ አንስተው መስኮት መክፈት ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። መስኮት የክፍሉን አየር ያጠራል፤ ጭምብል በቅርብ ያለውን ይከላከላል፤ የታመመ መምህር ቤቱ መዋል ሁለቱንም ይቀድማል። በር ላይ የሚደገነው የሙቀት መለኪያ እኚህን መምህር አያስቀራቸውም ነበር ለማለት እደፍራለሁ። የኮሮና ሕመምተኛ ምልክት ከማሳየቱ አንድና ሁለት ቀን በፊት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ትኩሳት ጭራሽ የማይታይባቸውም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ለመለኪያው ከሚያወጡት ገንዘብ ይልቅ፣ ጉንፋን የያዘው መምህር ደመወዝ ይቆረጥብኛል ሳይል እንዲቀርና ተተኪ እንዲኖረው ቢያመቻቹ ይበልጣል።

ከአንድ ክፍል ወጥተን ብዙ ትምህርት ቤቶችን እንይ። በጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በኅዳርና ታኅሣሥ 2020 በ169 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ በተደረገ ንጽጽር፣ የአየር ዝውውራቸውን ያሻሻሉት ካላሻሻሉት ይልቅ የኮሮና ሕሙማን ቁጥራቸው በ39 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። መስኮትና በር ከመክፈት ወይም ማራገቢያ ከመጠቀም ሌላ ምንም ያልጨመሩት እንኳ 35 በመቶ ቅናሽ ነበራቸው። አየር ማጣሪያ ያከሉበት ዘንድ ቅናሹ 48 በመቶ ደረሰ። መምህራንና ሠራተኞች ጭምብል እንዲያደርጉ ማስገደድ ከ37 በመቶ ቅናሽ ጋር ተያይዟል። ንጽጽር ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም፤ የራይሊ ቀመር ከሚለው ጋር መግጠሙ ግን ያበረታታል።

ታዲያ አንድ ክፍል ምን ያህል አየር ይበቃዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር ይመክራል። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። 50 ልጆችና አንድ መምህር ካሉበት፣ የክፍሉ አየር በሰዓት 11 ጊዜ ገደማ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ገርበብ ያለ መስኮት ይህን አያደርስም። በትይዩ ግድግዳዎች ላይ ያሉ መስኮቶች ሲከፈቱና ነፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ግን ይደረስበታል። ልጆቹ በፈረቃ 25 ሲሆኑ ደግሞ የሚያስፈልገው አየር በግማሽ ይወርዳል። በ2013 ክፍሎችን መክፈላችን በርቀት ብቻ ሳይሆን በዚህም ጠቅሞናል።

አየሩ መታፈኑን ለማወቅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይረዳል። የውጭ አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው፤ ከሳንባችን የሚወጣው ግን 40 ሺህ ገደማ። ክፍሉ ውስጥ 2,000 ከታየ፣ አንድ ልጅ ከሚተነፍሰው 25 ትንፋሽ አንዱ ቀድሞ በሌላ ሰው ሳንባ ውስጥ ያለፈ ነው ማለት ነው። 800 ሲሆን ከ100 አንድ ነው። መለኪያውን የሚገዛ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ልብ ይበል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ ብዙዎቹ መለኪያዎች ከፍታው ካልተሞላላቸው ቀንሰው ያሳያሉ። መጀመሪያ ግቢ አውጥቶ መለካትና ከ420 ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት ይህን ያጋልጣል። መለኪያ ከሌለም አፍንጫ አለ። ውስጥ የቆየ ሰው ስለሚለምደው አይታወቀውም፤ ከእረፍት መልስ ከግቢ የገባ መምህር ግን የታፈነ ክፍልን በመጀመሪያው እርምጃ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ስል የእጅ መታጠቢያው በርሜል ይነሣ ማለቴ አይደለም። በዓለም ላይ ትልቁን የትራኮማ ሸክም የተሸከመችው ኢትዮጵያ ናት፤ ፊትና እጅ መታጠብ ልጆችን ከትራኮማም ከተቅማጥም ይጠብቃል። በጀቱ አንሶ ምርጫ ከመጣም፣ ውሃና ሳሙናው ይቆይ፤ የሚቀረው ዴስክ ላይ የሚረጨው ኬሚካል ይሁን። ኮሮናም ወረርሽኝነቱ ቢያበቃ፣ በአየር የሚሄዱት ነባሮቹ በሽታዎች የትም አልሄዱም። ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ ኩፍኝም ክትባት በሳሳበት አካባቢ ሁሉ ይነሣል። ሳንባ ነቀርሳን በመፍራት ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1904 በርሊን አጠገብ ጫካ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍተዋል፤ በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማም በ1908 መስኮቱ በብርዱ ወራት ጭምር የማይዘጋ ክፍል ተከፍቶ ልጆቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይማሩ ነበር።

የእኛ ችግር የመስከረም ዝናብና የጠዋቱ ብርድ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ክረምቱ ገና ሳይወጣ ስለሆነ፣ ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ብለን ሁሉንም እንዘጋለን። ዝናቡ የሚመታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ነው፤ ያንን ጎን ዘግቶ ተቃራኒውንና በሩን ክፍት ማድረግ ይቻላል። ላይኛው የመስኮት ክፍል የሚከፈት ከሆነ ሞቃቱ አየር በዚያ ስለሚወጣ ብርዱ በቀጥታ ልጆቹ ላይ አይወርድም። በየክፍለ ጊዜው መካከልና በእረፍት ሰዓት ሁሉንም ለአምስት ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈትም የታፈነውን ብዙውን ያስወጣል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን መስኮቱ እንዲከፈት ብንፈልግም አይከፈትም፤ መስታወቱ ተሰብሮ በቆርቆሮ ተመትቷል፣ ማጠፊያው ዝጓል፣ ወይም ሌባ ተፈርቶ በሚስማር ተቸንክሯል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በነሐሴ ለጥገና ሲሰበሰብ ከግድግዳ ቀለም አስቀድሞ ክፍል በክፍል ዞሮ የማይከፈቱትን መስኮቶች ይቁጠር፤ ማጠፊያና ፍርግርግ ገዝቶ፣ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት በትይዩ ግድግዳዎች ላይ ቢያንስ ሁለት ሁለት መስኮት ያስከፍት።