ማሊያ ታጥቦም ለምን ይሸታል?

አንድ ተማሪ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በኋላ «ላብ ላብ ትሸታለህ» ተብሎ ሲሳቅበት ብዙዎች ነገሩን የንጽሕና ጉድለት ያደርጉታል። ወላጅም ይህን ሲሰማ ሳሙናውን ያበዛል፤ በረኪናም ይጨምርበታል። ነገር ግን አንዳንዴ ሽታውን የሚያባብሰው ይኸው የበዛው ሳሙና ነው።

ላብ ራሱ እምብዛም ሽታ የለውም። ሽታው የሚፈጠረው በቆዳችንና በልብሳችን ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ላቡንና የሰውነታችንን ቅባት ሲያብላሉ ነው። አብዛኛው ማሊያ ከፖሊስተር ይሠራል። ፖሊስተር ውሃ ብዙ አይመጥም፤ ቅባት ግን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ከጥጥ ልብስ ይልቅ ሽታ ይቀርበታል። በጁባ ደግሞ ላብ መቼም አይጠፋም፤ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች በሙቀት ምክንያት እስከ መዘጋት ደርሰው ነበር።

ሌላው ጉዳይ ውሃ ነው። በከተማችን ብዙ ቤተሰብ ውሃ የሚገዛው ከቦቴ ነው። ውሃ ለመቆጠብ ብለን አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቀን ስናሰጣ ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። የቀረው ሳሙና ቆሻሻ ይይዛል፤ በላብ ሲርስም ቆዳን ሊያሳክክና ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል። የአረፋ መብዛት የንጽሕና ምልክት አይደለም።

እንግዲህ ለስፖርት ልብስ ስንገዛ በቀላሉ የሚሟሟ፣ አረፋው ያልበዛ፣ ሽቶ የሌለው ሳሙና እንምረጥ። መጠኑንም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው አናሳልፍ። የልብስ ማለስለሻ ጨርቁን ስለሚሸፍነው ለማሊያ አይመከርም። በረኪና ቀለም ያበላሻል፤ ላስቲክም ያደክማል። ከኮምጣጤ ጋር ከተደባለቀማ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና ከቶ አይቀላቀል።

አስተጣጠቡ ቀላል ነው። ማሊያውን በቦርሳ ውስጥ ሳታሳድሩ ገልብጡት፤ በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት፤ በጥቂት ሳሙና እሹት፤ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት። ጨርቁ ሲዳሰስ ማሙለጩን ሲያቆም በቅቶታል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ አይደፋም፤ ካልሲ ይዘፈዘፍበታል። ከዚያ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ በደንብ ይድረቅ።

«የተፈጥሮ ሳሙና አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ በእንዶድ አጥበው አንጽተዋል። ይሁን እንጂ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያን ስለሚያስተላልፍ ግኝታቸው በሽታውን ለመከላከል ለሚደረገው ምርምር በር ከፈተ፤ በ1989 እ.ኤ.አ.ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ለጨርቅ የለዘበው እንዶድ ለቀንድ አውጣው መርዝ ነበር። ስለዚህ የተፈጥሮም ይሁን የፋብሪካ፣ ሳሙና የሚለካው ልብሱን በማንጻቱ ብቻ አይደለም፤ ቆዳችን ላይ በሚተወውና ከሳፋው ከወጣ በኋላ በሚያደርገውም ጭምር ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ሥራ የእናት ብቻ አይደለም። ማሊያውን የለበሰው ቢያጥበው ሳሙናውንም ውሃውንም መጥኖ መጠቀም ይለምዳል።