የመጀመሪያው ፈተናና የአንደኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ

በየዓመቱ የመጀመሪያው የፊዚክስ አጋማሽ ፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት የቢሯችንን በር አንኳኩተው የሚገቡ ተማሪዎች አሉ። አብዛኞቹ በመጡበት ትምህርት ቤት ከክፍላቸው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ይወጡ የነበሩ ናቸው። ከ30 ያገኙትን 9 ወይም 11 ይዘው ይቆሙና «መምህር፣ እኔ ለምሕንድስና የተፈጠርሁ አልመሰለኝም» ይሉናል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው አባባል ነው። እንዲህ ካሉን መካከል ዛሬ መሐንዲስ ሆነው የሚሠሩ ብዙዎች መሆናቸውን በቅድሚያ እንገልጻለን።

እንደሚታወቀው ለዓመታት ተቋርጦ የነበረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ዳግም ተጀምሯል። ስለዚህ ምሕንድስና የሚሻ ተማሪ በቀጥታ ወደ ሲቪል ወይም ወደ ኤሌክትሪካል ክፍል አይገባም። አስቀድሞ አጠቃላይ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ ጂኦግራፊና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎት ይማራል። በኋላ የሚመደብበትን የትምህርት ክፍል በአብዛኛው የሚወስነው በዚህ ዓመት የሚያገኘው ውጤት ነው። ነጥቡ ከተወሰነው በታች የወረደ ተማሪም ማስጠንቀቂያ ሊደርሰው፣ ብሎም ሊሰናበት ይችላል። አዲሱን አልጋ፣ አዲሱን ምግብና ከየአቅጣጫው የመጡትን የዶርም ጓደኞች የሚለምደው ግን በዚሁ ሴሚስተር ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ጥያቄ ለክፍሉ እናቀርባለን። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ በጅቡቲ ወደብ ትክክል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአካባቢው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ስለሆነ፣ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። በግቢያችን ምግብ ቤት ባቄላ ቶሎ የማይበስለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ከጋምቤላ ወይም ከሰመራ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ የሚያጥረውም በዚሁ የግፊት ማነስ የተነሣ ነው። ሰውነቱ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት እያመረተ ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

«100 ዲግሪ» ያለው ተማሪ ሰነፍ አይደለም። ቁጥሩን የያዘው ቁጥሩ እውነት የሚሆንበትን ሁኔታ ትቶ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ቀመሩ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ የሚጠየቀው ቀመሩ መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ዝቅ ማለት በአመዛኙ የሚያሳየው ይህን ለውጥ ገና አለመልመድን እንጂ የችሎታ ማነስን አይደለም።

ማንበብና ማስታወስ

ብዙ ተማሪዎች ሐንድአውቱን ሦስትና አራት ጊዜ ይደጋግማሉ። በሦስተኛው ላይ ገጹ ሁሉ የታወቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ አይን የለመደውን ሁሉ አእምሮ አውቆታል ማለት አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎች ግን ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ሌሎቹ 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት ወደ 42 በመቶ ሲወርዱ፣ ከአእምሯቸው የጻፉት 56 በመቶ ይዘው ተገኙ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። በክፍል የተሠራውን ምሳሌ ደብተር ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ እንደገና መሥራት ይገባል። ከሲኒየር ተማሪዎች የሚገኙ ያለፉ ዓመታት የፈተና ወረቀቶችም የሚጠቅሙት መልሱ ተሸፍኖ ሲሠሩ ነው፤ መልሱን ሸምድዶ የገባ ተማሪ ቁጥሩ ሲለወጥበት ይደናገራል። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ማንጋት ደግሞ ጉዳቱ ያመዝናል። በቀን የተማርነው በአእምሯችን የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ወጣት ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል።

ዶርም

በአንድ ክፍል የሚያድሩ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት መብራት የሚጠፋበትንና ድምፅ የሚቀነስበትን ሰዓት ቢስማሙ መልካም ነው። በቋንቋና በአስተዳደግ መለያየታቸውም ለጥናት ይጠቅማል፤ አንድን ሐሳብ ለሌላ ሰው ማስረዳት የቻለ ተማሪ ሐሳቡን በእርግጥ ገብቶታል። ማስረዳት ያቃተውም የት ላይ እንደሚደናቀፍ በዚያው ያውቃል።

ከሁሉ የሚጎዳው ይሉኝታ ነው። እኛም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለን በመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ከግማሽ በታች አግኝተን ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ደብቀናል። መምህራችንን ለማነጋገር የደፈርነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። እሳቸውም አልተቆጡም፤ ጠመኔ ሰጥተው የመጀመሪያውን ጥያቄ በሰሌዳው ላይ እንድንሠራ አዘዙን። ሁለት መስመር እንደጻፍን «በዕቃው ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ሳትሥል ወዴት ትሮጣለህ?» አሉን። ስሕተታችን በአብዛኛው ይኸው ነበር፤ ለማወቅ የፈጀውም አሥር ደቂቃ ነው። ሦስቱ ሳምንታት ግን በከንቱ አልፈዋል።

ስለዚህ ውድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ የፈተና ወረቀታችሁን አትደብቁት። የተሳሳታችሁበትን ጥያቄ እንደገና ሞክሩት፤ ካልሆነላችሁም ይዛችሁት ወደ መምህራችሁ ቢሮ ኑ።