ለበዓል ሥጋ ጨው የሚገባበት ሰዓት

ስለ ባልትና በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ ቅመሙና ቅቤው፥ እሳቱና ድስቱ ብዙ ይወራላቸዋል፤ ጨው ግን ከማጀት የማይታጣ ርካሽ ነገር ስለ ሆነ ማንም ጉዳዬ አይለውም። ምን ያህል ይግባ ብሎ የሚጠይቅ ይገኛል፤ መቼ ይግባ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የበዓል ሥጋ አምሮ መቅረቡም ተበላሽቶ ማሳፈሩም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ስለ ሆነ፥ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችንና ለቤት እመቤቶች ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልናስታውቅ ወደድን።

እኛም ይህን የተማርነው አፍረን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስቀል በዓል ወልቂጤ ከዘመድ ቤት ወርደን ሳለ፥ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ስለ ነበሩ፥ በክትፎው ሥራ እንድንረዳ ተለመንን። ሥጋው ተከትፎ እንዳበቃ፥ እንግዶቹ ሲደርሱ ጥድፊያ እንዳይሆን ብለን፥ በማለዳው ጨውና ሚጥሚጣውን ለውሰን በኮባ ቅጠል ሸፍነን አስቀመጥነው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ሲገለጥ ግን ሥጋው ውሃ አቅርሮ፥ ፍም የመሰለው ቀለሙ ጠቍሮ፥ እንደ ሊጥ እርስ በርሱ ተያይዞ ተገኘ። የቤቱ እመቤት በእንግዳ ፊት አንዳች ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ ውሃውን ቀስ ብለው አንቆረቆሩና ለብቻችን ባገኙን ጊዜ «ልጆቼ፥ ጨው የሚገባው እንግዳው እጁን ከታጠበ በኋላ ነው» አሉን።

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር የጉራጌን መስቀል ያላየ ነው። በዚያ አገር መስቀል የዓመቱ ሁሉ መሰብሰቢያ ነው። ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላውም ከተማ የወጣው ልጅ መስከረም 17 ቀን ሳይደርስ ወደ አባቱ ቤት ይገባል፤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወልቂጤም፥ ከጉራጌ ተራራ በስተ ምሥራቅ ያለችው ቡታጅራም፥ በነዚያ ቀኖች በመንገደኛና በጓዝ ይጨናነቃሉ። ወንዶቹ ለበሬው መግዣ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፤ ሴቶቹም ውጆ በሚባለው ማኅበራቸው እየተዋጡ ቅቤያቸውን በተራ ይሰበስባሉ። በሬው ሳይታረድ አስቀድሞ ጎመኑ ተከትፎ ከአይብና ከቅቤ ጋራ ይበላል፤ የሥጋው ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ በመላው ኢትዮጵያ የሚከበረው የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በቡታጅራና በአካባቢዋ በብዛት የሚኖሩት ሙስሊም ወገኖቻችንም ለዓረፋ በዓል እንዲሁ ከያሉበት ወደ ቤታቸው ይሰበሰባሉ። እንግዲህ የዓመት ድካም በአንድ ገበታ ላይ በሚቀርብበት ቀን የአንድ ሰዓት ስሕተት ትንሽ ነገር አይደለም።

ክትፎ የሚሠራው ጮማና ጅማት ከሌለበት ቀይ ሥጋ ነው፤ ጭቅናው ለዚህ ይመረጣል። ሥጋው በተሳለ ቢላዋ ይከተፋል፤ ጅማቱም እየተለቀመ ይወጣል። ቅቤው አስቀድሞ በኮሰረትና በኮረሪማ ተነጥሮ ተቀምጦ በሰዓቱ ለብ ይደረጋል፤ ሚጥሚጣውም ጨውና ኮረሪማ የገባበት ስለ ሆነ፥ ሚጥሚጣው ገባ ማለት ጨው ገባ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ጨው አልጨመርሁም እያለ ጨው ጨምሯል። የተለወሰው ክትፎ በጣባ ሆኖ በአይብና በጎመን ታጅቦ ከቆጮ ጋራ ይቀርባል። ቆጮው ከእንሰት ተፍቆ በጕድጓድ ውስጥ ሲብላላ ብዙ ጊዜ የቈየ ነው፤ እንሰቱም ራሱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ቅቤውም የቈየ ነው። በዚያ ገበታ ላይ ከቀረበው ሁሉ አንዲት ደቂቃ እንኳ መቈየት የማይወድ፥ ጨው የነካው ክትፎ ብቻ ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ጨው ሥጋን በነካ ጊዜ በውስጡ ያለውን ውሃ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ በዚያው ውሃ ራሱ ይሟሟና መልሶ ወደ ሥጋው ይገባ ዘንድ ይጀምራል። ሲገባም የሥጋውን ፕሮቲን እያላላ እንደ ሙጫ ያደርገዋል። ሥጋው በደቃቁ የተከተፈ እንደ ሆነ ጨው የሚያገኘው ገጽ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ይህ ሁሉ በፍጥነት ይሆናል፤ ውሃው ይወርዳል፥ ክትፎውም መላላቱን ትቶ ይያያዛል፥ ቀለሙም ይጠቍራል። ፈረንጆች ቋሊማ ሲሠሩ ይህንኑ መያያዝ ፈልገው የተፈጨውን ሥጋ አስቀድመው በጨው ያሹታል። ለቋሊማ የሚረዳው ለክትፎ ጥፋት ነው።

ስለ ጥሬ ሥጋ አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ የቤተ ሰብ ገጽ መባላችን ከንቱ ይሆናል። በክትፎ ውስጥ የሚገባው ጨውና ሚጥሚጣ የኮሶ ትልን ዘር አይገድልም፤ ለብ ያለ ቅቤም እንዲሁ። አባቶቻችን የኮሶን አበባ እየጠጡ ትሉን ማውጣት ልማዳቸው የነበረው፥ ጥሬ ሥጋ መብላታቸውን ስላልተዉ ነበር። ስለዚህ ሥጋው በሐኪም ከተመረመረ እርድ ቢሆን፥ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴቶችም የበሰለው ቢቀርብላቸው እንመክራለን። ክትፎ ጥሬ፥ ለብ ለብና የበሰለ ተብሎ በሦስት ዓይነት የሚቀርብ ስለ ሆነ፥ የበሰለ የጠየቀን እንግዳ ፈሪ ብሎ መሣቅ ነውር ነው።

ጨው አስቀድሞ ቢገባ የሚጠቅመው ሥጋ ደግሞ ሌላ ነው። ቋንጣ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ ሥጋው በቀጭኑ ይዘለዘላል፥ በጨውና በበርበሬ ይታሻል፥ በገመድ ላይም ይሰቀላል። ጨው ውሃውን ወደ ውጭ ሲያወጣ ነፋስ ይወስደዋል፤ ውሃውም ወደ ሥጋው የመመለስ ፋንታ አያገኝም። ሥጋው በቀጭኑ ባይዘለዘል ግን ውስጡ ሳይደርቅ ይሸታል። መስቀል ክረምቱ ገና ሲወጣ የሚውል በመሆኑ አየሩ እርጥብ ነውና፥ ከበዓሉ የተረፈውን ሥጋ ቋንጣ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ከምድጃ በላይ ጢሱ በሚያገኘው ስፍራ ቢሰቅለው ይሻላል።

በክትፎና በቋንጣ መካከል የሚቆም ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ያልተከተፈውንና ያልተዘለዘለውን ወፍራም ሥጋ በደረቅ ጨው አሽቶ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በቀዝቃዛ ስፍራ አሳድሮ መጥበስ ነው። ይህን ሥራ ዛሬ እጅግ የሚያውቁት በአሜሪካ አገር ያሉ የቤት እመቤቶች ናቸው፤ ከነርሱም መካከል ከጉራጌ አገር ወጥተው በዚያ የሚኖሩ እኅቶቻችን ይገኛሉ። አሜሪካኖች በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ የምስጋና በዓላቸውን ሲያከብሩ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ ወፍ ይጠብሳሉ።

የዚህ ወፍ ስም የሚያስቅ ነው። እንግሊዞች ከቱርክ አገር የመጣ መስሏቸው በቱርክ ስም ጠሩት፤ ቱርኮች ደግሞ ከሕንድ ነው ብለው ሂንዲ ይሉታል፤ ፈረንሳዮችም እንዲሁ በሕንድ ስም ዳንድ ይሉታል፤ በግብፅ ደግሞ የሮም ዶሮ ይባላል። እያንዳንዱ ለጎረቤቱ ሲሰጠው፥ ወፉ ግን የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ነው።

በዚያ ለሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን የምስጋናው በዓል አንድ ችግር አለበት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ፥ ያ ሐሙስ በብዙ ዓመታት በጾሙ ውስጥ ይውላል። ልጆች በትምህርት ቤት ስለ ወፉ ሰምተው ይመጣሉ፤ እናት ደግሞ ጾመኛ ናት። ስለዚህ ለልጆችና ለጎረቤት ብላ የምትጠብስ አለች፤ ወፉን በበረዶ ቤት አቈይታ ለገና የምታቀርብም አለች። ራስዋ ሳትቀምስ ለምትጠብሰው እናት በተለይ፥ ጨዉን በምላስ ሳይሆን በሚዛን ማወቅ ያስፈልጋታል።

የወፉ የደረት ሥጋ እንደ እኛ ዶሮ ፈረሰኛ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ቢሆንም፥ ስብ የሌለበት ስለ ሆነ እሳት ትንሽ ከበዛበት እንደ ገለባ ይደርቃል። ከዚህ የሚያድነው ጨው ነው። በረዶ የሆነ እንደ ሆነ አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይሟሟ፤ ለሁለት ኪሎ ያህል አንድ ቀን ማሰብ ይገባል። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት በደንብ ይደረቅ። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 12 ግራም ጨው ይበቃል፤ ከነአጥንቱ ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ደረት 30 ግራም ያህል፥ ማለትም በደቃቅ ጨው አምስት የሻይ ማንኪያ ነው። ሻካራ ጨው በማንኪያ ሲሰፈር ከደቃቁ ክብደቱ ያንሳልና፥ ሚዛን ያለው ሰው በሚዛን ቢሠራ ይሻላል። ጨዉ በቆዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ቆዳውን በጣት አላቅቆ ከሥሩም ይታሽ። ከዚያም ሳይሸፈን በሽቦ ወንፊት ላይ ሆኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሌሊት፥ ቢቻል ሁለት ሌሊት ይደር፤ ጥሬው ፈሳሽ በሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ በታችኛው መደርደሪያ ይቀመጥ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሥጋው እንደኛ እንደዚያ ቀን ክትፎ ውሃ ያወጣል፤ ያየ ሰው ይደነግጣል። ሲያድር ግን ውሃው ጨዉን ይዞ ወደ ሥጋው ይመለሳል። ሥጋው ያልተከተፈ ስለ ሆነ ጨዉ በዝግታ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ የላላው ፕሮቲንም እሳት ሲያገኘው እንደ ቀድሞው አጥብቆ ስለማይኰማተር ውሃውን ይዞ ይቀራል። ቆዳውም ስለ ደረቀ በእሳት ጊዜ ቀልቶ ይንኰሻኰሻል። አንዳንዶች ወፉን በጨው ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድራሉ፤ እርሱም ያለሰልሳል፥ ነገር ግን ትልቅ ዕቃ ይፈልጋል፥ ቆዳውም ረጥቦ ይቀራል፥ የሥጋውም ጣዕም ይቀጥናል። እኛ ደረቁን እንመርጣለን።

ሁለት ነገር እናስጠነቅቃለን። በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጡት ወፎች ብዙዎቹ በፋብሪካ የጨው ውሃ የተወጉ ናቸውና፥ በመሸፈኛው ላይ የተጻፈው ይነበብ፤ እንዲህ ያለው ዳግመኛ ጨው አያስፈልገውም። ሁለተኛውም፥ የአገራችን ሴቶች በቆዳው ሥር ንጥር ቅቤ ከሚጥሚጣ ጋራ መቀባት ስለሚወዱ፥ ሚጥሚጣው ጨው ያልገባበት ይሁን። ከጨው በኋላ ወፉ አይታጠብም፤ ቅቤው ተቀብቶ ወደ ምድጃው ይግባ። የምድጃው ሙቀት ከ165 እስከ 175 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። የሙቀት መለኪያው አጥንት ሳይነካ በወፍራሙ ስፍራ ተሰክቶ 74 ዲግሪ ሲያሳይ ሥጋው በስሏል፤ በቀለሙ ብቻ መፍረድ አይገባም። ከእሳት ከወጣ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቈረጥ ይረፍ።

ወደ አገራችን እንመለስና፥ ተርኪ በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ እንደ ልብ የማይገኝ ስለ ሆነ፥ ይኸው ሥራ ለአገር ዶሮ ይውላል። ለወጥ የሚሆነው ዶሮ ተገነጣጥሎ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ይህ ግን ለማጽዳት ነው፥ ጨዉም ከውሃው ጋራ ይሄዳልና ከማሳደሩ ጋራ አንድ አይደለም። ሳይገነጠል የሚጠበሰው ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ቢመዝን 15 ግራም ጨው ታሽቶ አንድ ሌሊት ቢያድር ይበቃዋል። ማቀዝቀዣ የሌለበት ወይም መብራት የሚጠፋበት ቤት ግን ይህን ፈጽሞ አይሞክር። ይህ ያህል ጨው ሥጋን ያጣፍጣል እንጂ ከመበላሸት አይጠብቅም፤ ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚያዘነብለው በወልቂጤ ሙቀት ደግሞ ሌሊቱ ሳያልቅ ይሸታል። እንዲህ ባለ ቤት በበዓሉ ዕለት ማለዳ የታረደው ዶሮ ሊጠበስ ሲል ጨው ይነካ፤ ጥቂት ቢደርቅም ደኅና ነው።

በሚከተለው ዓመት ለመስቀል ወደዚያው ወደ ወልቂጤ ቤት ተመልሰን ነበር። እመቤቲቱ በደስታ ተቀበሉን፥ ቆጮና ቡናም አቀረቡልን። ሚጥሚጣው የተቀመጠበትን ዕቃ ግን ከፊታችን አንሥተው ወደ ጓዳ አስገቡት፤ ለእኛ የተሰጠን ሥራ ጎመን መክተፍ ሆነ።