በቦርድ ገጽ ላይ የተበየዱ ቺፖችን ለመለወጥ የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

በትምህርት ቤታችን የኤሌክትሮኒክስ ክበብ መጋዘን ውስጥ የማይሠሩ ኮምፒዩተሮች ተደርድረው ነበር። ኃይል ያገኛሉ፣ ማራገቢያቸውም ይዞራል፤ ስክሪናቸው ግን እንደ ጨለመ ይቀራል። ብንመረምራቸው የአራቱ ችግር የተገኘው ባዮስ የሚባለውን የመነሻ ፕሮግራም በያዘችው ባለ ስምንት እግር ቺፕ ላይ ነው። ቺፗ ከአንዲት የባቄላ ፍሬ ታንሳለች፤ ዋጋዋም ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሆኖም እሷን ነቅሎ ሌላ መተካት ካልተቻለ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ተጣለ ማለት ነው። ስለሆነም ክበቡ በነበረችው ጥቂት ገንዘብ ምን ዓይነት መሣሪያ ይግዛ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ተመሳሳይ ጥያቄ የሚገጥማቸው መምህራንና ተማሪዎች ይኖራሉ ብለን ስለምናስብ የደረስንበትን እንገልጻለን።

እንደሚታወቀው ቀደም ባለው ጊዜ የቺፕ እግሮች በቦርዱ ቀዳዳ አልፈው በስተጀርባ ይበየዱ ነበር። በእግርና በእግር መካከል ያለው ርቀትም 2.54 ሚሊሜትር ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስፋፋው አሠራር ግን ቀዳዳውን አስቀርቶ እግሮቹን በቦርዱ ገጽ ላይ ባሉ የመዳብ ማረፊያዎች ላይ ያስቀምጣቸዋል። የእኛዋ ባለ ስምንት እግር ቺፕ የእግሮቿ ርቀት 1.27 ሚሊሜትር ነው፤ በአራቱም ጎን እግር ባላቸው ቺፖች ላይ ርቀቱ ብዙ ጊዜ 0.5 ሚሊሜትር ይደርሳል።

የሥራው አስቸጋሪነት ከዚህ ላይ ነው። ቺፑ እንዲነሣ የሁሉም እግሮች ብየዳ በአንድ ጊዜ መቅለጥ አለበት፤ አንዱን አቅልጠን ወደ ሌላው ስንሄድ የፊተኛው ይረጋል። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው የድሮው የብየዳ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የአውሮፓ ኅብረት በሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ ምክንያት ግን አብዛኞቹ ፋብሪካዎች እርሳስ ወደሌለው ብየዳ ዞረዋል። ከቆርቆሮ፣ ከብርና ከመዳብ የሚሠራው የተለመደው ዓይነት እስከ 217 ወይም 220 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ተማሪዎች ሙቀትና መጠነ ሙቀት አንድ አለመሆናቸውን ያስታውሱ። የካውያው ጫፍ 350 ዲግሪ ቢሆንም በቦርዱ ውስጥ የተነጠፈው ሰፊ የመዳብ ንጣፍ ሙቀቱን እየመጠጠ ይወስደዋል፤ ብየዳውም ሳይቀልጥ ይቀራል። እኛም የመጀመሪያውን ቦርድ ያበላሸነው ይህን ባለመገንዘብ ነው። መቆጣጠሪያ የሌለውን፣ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ካውያ ይዘን፣ አልቀልጥ ያለውን እግር በወረንጦ ፈነቀልነው። ቺፗ ተነሣች፤ ሁለት የመዳብ ማረፊያዎችም አብረዋት ተነሡ።

ከዚያ በኋላ መጠነ ሙቀቱን የሚቆጣጠር፣ ኃይሉ ከ60 ዋት የማያንስ የብየዳ ካውያ ገዛን። ጀማሪዎች ትንሽ ቺፕ ሲያዩ እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ ይመርጣሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የሾለ ጫፍ የሚነካው ቦታ ጠባብ በመሆኑ ሙቀት አያሳልፍም። ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ መሮ የተቆረጠው ይሻላል።

ሁለተኛው በተለምዶ ብሎወር የሚባለው የሞቀ አየር መንፊያ ነው። ሁሉንም እግር በአንድ ጊዜ የሚያሞቀው ይህ ስለሆነ ገንዘባችን ላንዱ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ምርጫችን አስቸጋሪ ይሆን ነበር። ሲገዛ የአየሩ ግፊት ዝቅ ሊደረግ መቻሉን ማየት ያስፈልጋል፤ ግፊቱ ካየለ በቺፑ ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን ሬዚስተሮች ጠርጎ ይወስዳቸዋል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥርም መታመን የለበትም፤ እሱ የሚናገረው በመንፊያው ውስጥ ያለውን እንጂ ቦርዱ ላይ የደረሰውን አይደለም። ለመልቲሜትር የሚሠራ የሙቀት መለኪያ ሽቦ በተጣለ ቦርድ ላይ አድርገን ርቀቱን እየለዋወጥን ብንለካ ልዩነቱ ብዙ ሆኖ አገኘነው። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጥሩ የቤተ ሙከራ ሥራ ይወጣዋል።

ቦርዱ ወፍራም ከሆነ ከሥሩ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ የሚያሞቅ ምድጃ መጨመር ይጠቅማል። ይህን እኛ ለጊዜው ትተነዋል፤ በምትኩ በ138 ዲግሪ የሚቀልጠውን የቆርቆሮና የቢዝሙዝ ብየዳ እንጠቀማለን። በሁለቱም ረድፍ እግሮች ላይ በብዛት ሲፈስስ ከነባሩ ጋር ተቀላቅሎ ረዘም ላለ ጊዜ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቆይ ቺፗ በካውያ ብቻ ትነሣለች። ከዚያም በመዳብ ሽሩባ በሚገባ መጠረግ አለበት። ቢዝሙዝ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ከተቀላቀሉ በ96 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ውሕድ ሊፈጠር ይችላል፤ እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ በሥራ ላይ እያለ በራሱ ሙቀት ይለቃል። አዲሷ ቺፕ ከመበየዷ በፊት ለዚያው ቦርድ የሚሆነው ፕሮግራም ሊጻፍባት እንደሚገባም አይዘነጋ።

እግራቸው ከሆዳቸው ሥር በኳስ መልክ የተደረደሩትን ትላልቅ ቺፖች የሚለውጥ ማሽን እንድንገዛ የመከሩን ነበሩ። አልተስማማንም። ዋጋው ከባድ ነው፤ ከሥር ያለው ብየዳ መያዙንም ለማረጋገጥ የኤክስሬይ መሣሪያ ያሻል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ፍላክስ፣ አጉሊ መነጽርና ወረንጦ ለብዙ ተማሪዎች ይገዛል። በተለይ በፍላክስ ላይ መሰሰት አይገባም፤ ኦክሳይዱን አስወግዶ ብየዳው በመዳቡ ላይ እንዲሰራጭ የሚያደርገው እሱ ነውና።

ስለ ጤና አንድ ነገር እንጨምር። በዚህ መጠነ ሙቀት እርሳስ አይተንም፤ የሚያስለው ጢስ የፍላክሱ ነው፤ አስም ያለበትን ተማሪ ይጎዳል። ስለዚህ መስኮት ይከፈት፣ ጢሱን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያም ይኑር። እርሳሱ የሚገባው በእጅ በኩል ስለሆነ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይነካም።

በመጨረሻ ሱቅ ውስጥ ሳለን ካውያውን ሳንሰካ በካውያው ጫፍና በሶኬቱ የመሬት መስመር እግር መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ለካን፤ ከጥቂት ኦም ከበለጠ ጫፉ ከመሬት መስመር ጋር አልተገናኘም፣ ቺፑንም ሊገድል ይችላል። የመለወጫ ጫፍና የማሞቂያው ሽቦ በከተማችን መገኘታቸውንም ጠየቅን። ባለሱቁ የመጀመሪያው መሣሪያ መለዋወጫ የለውም ሲለን ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ትተን ሁለተኛውን ወሰድን።