ያውቁ ኖሯል? ዘንባባ፦ ከሆሣዕና ቀለበት እስከ ሰሌን

በሆሣዕና ዕለት በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት ለምእመናን የሚታደለው፣ በጣት እንደ ቀለበት፣ በግንባር እንደ አክሊል የሚታሰረው ዘንባባ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ የሚባል፣ የተምር የቅርብ ዘመድ የሆነ አገር በቀል ዛፍ ነው። ውሃ ወዳድ በመሆኑ ከገላጣው ደጋ ይልቅ የወንዝ ዳርንና ሸለቆን የሚመርጥ ሲሆን፣ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ሥጋው ስስ የሆነው ፍሬውም ይበላል።

ትልቁ ሀብቱ ግን ቅጠሉ ነው። ገና ያልተዘረጋው ለጋ ቅጠል ተቆርጦ በቀጫጭኑ ከተሰነጠቀና በፀሐይ ከደረቀ በኋላ፣ እንደ ሹሩባ እየተጎነጎነ ረጅም ጥብጣብ ይወጣዋል፤ ጥብጣቦቹም ጎን ለጎን ተሰፍተው ሰሌን፣ ማለትም የዘንባባ ምንጣፍ ይሆናሉ። በሰሌን ላይ እህል ይሰጣል፣ ሰው ይተኛል፤ በቀድሞው ልማድ ሟች ከተገነዘ በኋላ የሚጠቀለለውም በዚሁ ነበርና፣ አንድ ቅጠል ሰውን ከመኝታው እስከ መቃብሩ ያገለግለዋል ማለት ይቻላል። መጥረጊያ፣ ገመድና ቅርጫትም ከዚሁ ይሠራሉ።

ይህን ሁሉ የሚሰጠው ዛፍ ግን አንድ ስስ ጎን አለው፤ እንደ ዋንዛና እንደ ወይራ ቅርንጫፍ ስለማያወጣ፣ የእያንዳንዱ ግንድ እድገት የተንጠለጠለው በጫፉ ባለች አንዲት እምቡጥ ላይ ነው። ቅጠል ቆራጩ እምቡጧን ከነካ ያ ግንድ ዳግም አያቆጠቁጥም፤ ዙሪያዋን ብቻ ለቅሞ ከተዋት ግን በዓመቱም ቅጠል ያገኝበታል።